የአስተርጓሚ መብት በወንጀል ችሎት

ተከሳሽ የቀረበበት ክስ ካልገባው መከላከያውን በምን ላይ ያቆማል? ቦንጋን ተመልከቱ። በካፋ ዞን የካፋ፥ የናኦና የጫራ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ካፊኖኖ ብቻ የሚያውቅ ገበሬ በአማርኛ በሚካሄድ ችሎት ቢከሰስ ቃሉ ሁሉ በሌላ ሰው አፍ ያልፋል።

«ተኮስሁ» እና «ባረቀብኝ» የሚሉትን ግሦች አነጻጽሩ። የመጀመሪያው ግሥ ባለቤት ተናጋሪው ነው፤ የሁለተኛው ግን ጠመንጃው ነው። አስተርጓሚው አንዱን በሌላው ቢለውጥ ድንገተኛ አደጋ የነበረው ታስቦ የተፈጸመ ግድያ ይመስላል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የከሳሽ ወይም የተከሳሽ ዘመድ፥ ምስክርም የሆነ ሰው፥ እንዳያስተረጉም ከልክሎ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ተከሳሹ ክርክሩ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። «የመጠየቅ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ ሳይገባው «አዎን» የሚል ሰው ይህን መብት አልተጠቀመበትም። ፖሊስ ግን ሰውን ሲይዝ፥ በአንቀጽ 19 መሠረት፥ ምክንያቱን ሳይጠየቅም በሚገባው ቋንቋ መንገር አለበት።