መጥሪያው ከእግዱ በኋላ ሲደርስ

አንዲት የፍሎሪዳ ነዋሪ የካንትሪ ሙዚቃ አቀንቃኙ የሉክ ኮምብስ ምስልና ስም ያረፈባቸው ክዳን ያላቸው ኩባያዎች በአማዞን ላይ ሸጠች። የሸጠችው 18 ኩባያ ነው፤ ያገኘችውም 380 ዶላር ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቺካጎ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት 250,000 ዶላር ካሳ እንድትከፍል ፈረደባት። መጥሪያው የተላከው በኢሜይል ነበር፤ አላስፈላጊ መልእክት ከሚጠራቀምበት ሳጥን ገብቶ ስለቀረ በጊዜው አላየችውም። አማዞን ላይ የነበራት 5,500 ዶላርም ታገደ።

ዜናው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሲሰማ ዘፋኙ በማኅበራዊ ሚዲያ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ክሱ በስሙ መመሥረቱን እንኳ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ የታገደባትን ገንዘብ እጥፍ፣ 11,000 ዶላር፣ እንደሚልክላት ቃል ገባ። ሴትዮዋ በእርግጥ ያለፈቃድ የሰው ስም ተጠቅማለች። የሚያስገርመው መከሰሷ ሳይሆን፣ አንድም ቃል ሳትናገር ከ380 ዶላር ወደ 250,000 ዶላር የተሄደበት መንገድ ነው። መንገዱ ደግሞ የተደላደለ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጮች ተመላልሰውበታል።

ጠበቆች «ስኬጁል ኤ» (አባሪ ሀ) ይሉታል። የክሱ ማመልከቻ ላይ የተከሳሾች ስም አይጻፍም፤ «በአባሪው የተዘረዘሩት ግለሰቦችና ድርጅቶች» ተብሎ ይታለፋል። አባሪው ከአማዞን፣ ከኢቤይ፣ ከኤትሲ፣ ከዊሽ የተለቀሙ አሥር፣ መቶ፣ አንዳንዴም ብዙ መቶ የሱቅ ስሞችን ይይዛል፤ ለጊዜው ታሽጎም ይቆያል። ከሳሽ ብቻውን ዳኛ ፊት ቀርቦ ጊዜያዊ እግድ ይጠይቃል። እግዱ ሲፈቀድ ገበያዎቹና እንደ ፔይፓል ያሉ የክፍያ ድርጅቶች የሻጮቹን ሒሳብ ይቆልፋሉ። ለተከሳሽ በኢሜይል የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። መልስ ያልሰጠ በሌለበት ይፈረድበታል። ብዙው የሚመሠረተው በሰሜናዊ ኢሊኖይ የፌዴራል አውራጃ ፍርድ ቤት፣ ቺካጎ ነው።

ሥርዓቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ፎርጂድ ሻጭ ዛሬ ሱቁ ቢዘጋ ነገ በሌላ ስም ይከፍታል፤ ሊከሰስ መሆኑን ካወቀ ገንዘቡን በአንድ ሌሊት ወደ ውጭ አገር ባንክ ያሸሻል። አስቀድሞ ማገድ የተፈለገው ለዚህ ነው። ሕጉም ከባድ በትር ይዟል፤ የአሜሪካው የንግድ ምልክት ሕግ ከሳሹ የደረሰበትን ጉዳት ሳያስረዳ ለእያንዳንዱ ፎርጂድ ምልክትና የዕቃ ዓይነት ከ1,000 እስከ 200,000 ዶላር ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ ጣሪያው 2,000,000 ዶላር ነው። ይህ በትር የተቆረጠው ኮንቴነር ሙሉ ፎርጂድ ለሚያስገባ ነጋዴ ነው፤ ያረፈው ግን ኩባያ ላይ ምስል ለሚያትመው ጭምር ነው።

ሒሳቡ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነውና። ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ለመክፈት 405 ዶላር ይከፈላል። ሦስት መቶ ሻጮችን አንድ በአንድ ለመክሰስ 121,500 ዶላር ይጠይቃል፤ በአንድ አባሪ ሲጠቀለሉ ግን ያው 405 ዶላር ይበቃል። ተከሳሹ ዘንድ ስሌቱ ይገለበጣል። 3,000 ዶላር የታገደበት ሰው በማያውቀው ከተማ ጠበቃ ቢያቆም ክፍያው ከታገደው ይበልጥበታል። የከሳሽ ጠበቃ «ይህን ያህል ክፈልና እንልቀቅህ» ሲለው እውነት ቢኖረውም ይከፍላል። በዚህ ዓይነት ክስ ውስጥ ክርክር የሚባለው ነገር የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። በድሮው በላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየሰማ ይሟገቱ ነበር፤ እዚህ ግን አንዱ ወገን ከነጭራሹ የለም።

ያልተሰማው ክርክር ደግሞ ቀላል አይደለም። «ኢሞጂ» የሚለውን ቃል በብዙ የዕቃ ዓይነት ላይ ያስመዘገበ አንድ የጀርመን ኩባንያ በዚሁ መንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጮችን ከሷል። ፈገግታ የተሳለበት ትራስ የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ኢሞጂ ሳይል በምን ሊጠራው ነው? ሕጉ ዕቃን ለመግለጽ ብቻ የዋለ ቃልን ይፈቅዳል፤ እውነተኛ ዕቃ ገዝቶ መልሶ መሸጥንም እንዲሁ። ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው ግን አንዱንም ማንሳት አይችልም።

ብዙው ውዝግብ እንዲያውም ዳኛ ፊት አይደርስም፤ በገበያው ውስጥ ያልቃል። ጌጣጌጥ ሻጩ ቲፋኒ በ2004 ኢቤይን ከሶ በ2010 በይግባኝ ተረታ። ፍርዱ ገበያው ፎርጂድ መኖሩን በጥቅሉ ስላወቀ ብቻ ተጠያቂ እንደማይሆን፣ ተለይቶ የተነገረውን ግን ማንሳት እንዳለበት ነው። ከዚያ ወዲህ አቤቱታ ሲደርስ ቶሎ ማንሳት ለገበያው ከሁሉ የረከሰ መከላከያ ሆነ። የቅጂ መብት አቤቱታ የደረሰበት ሻጭ በ1998 ከወጣው የአሜሪካ ሕግ ያገኘው የመልስ መብት አለው፤ የንግድ ምልክት አቤቱታ የደረሰበት ግን እንዲህ ያለ በሕግ የተጻፈ መብት የለውም። «ባለምልክቱ አቤቱታውን እንዲያነሳ አነጋግረው» ይባላል። የከሰሰህን ሰው ሄደህ ለምነው ማለት ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች ምልክቱን ራሱን መሣሪያ አደረጉት። አማዞን በ2017 ያደሰው ብራንድ ሬጅስትሪ ያኔ ይከፈት የነበረው የተመዘገበ ምልክት ላለው ስለነበር የምዝገባ ማመልከቻ ጎረፈ። በ2021 የበጀት ዓመት በዕቃ መደብ ሲቆጠር ከ940,000 በላይ ጥያቄ ወደ አሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ገባ፤ በየትኛውም ቋንቋ የማይነበቡ የፊደል ክምችቶችም ነበሩበት። በ2018 ደግሞ አንዲት ደራሲ «ኮኪ» የሚለውን የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል (ጉረኛ እንደማለት) ለፍቅር ልቦለዶቿ አስመዝግባ ቃሉን በርዕስ የተጠቀሙ ሌሎች ደራሲዎችን ማስፈራራት ያዘች። የኒው ዮርክ ዳኛ የጠየቀችውን እግድ ከለከላት፤ እሷም ምልክቱን ተወችው። ያ ሊሆን የቻለው የደራሲያን ማኅበር ጠበቃ ስላቆመ ነው።

ምልክትን በሌላ መንገድ መያዝም ይቻላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት ባለምልክት ለመሆን የታገለችው እሷ ነበረች። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በ2007 በስምምነት ሲያበቃ መንግሥት የመረጠው ያለ ክፍያ ፈቃድ መስጠትን ነበር፤ ነጋዴውን ከስሙ ማባረር ሳይሆን ወደ ስሙ ማስገባት። አገሩን ማድነቄ ብቻ እንዳይመስል፦ ይህ ምርጫ ለእያንዳንዱ ባለምልክት ክፍት ነው።

ቺካጎ ውስጥ ጥያቄው የተነሳው ከራሳቸው ከዳኞቹ ነው። በ2020 ዳኛ ኤድመንድ ቻንግ በኤስቴ ላውደር ጉዳይ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሻጮች በአንድ ክስ መጠቅለላቸውን አልቀበልም አሉ። በ2023 የሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ፕሮፌሰር ኤሪክ ጎልድማን ስለ አሠራሩ የጻፉት ጠንካራ ትችት በኮሎምቢያ የሕግ መጽሔት መድረክ ወጣ። «ሻጩ አይገኝም» የሚለው የከሳሾች ምክንያትም ሳስቷል፤ ከሰኔ 2023 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው ሕግ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 200 ሽያጭና 5,000 ዶላር ገቢ ያለውን ሻጭ ማንነት ገበያው እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። በነሐሴ 2025 ደግሞ ዳኛ ጆን ክነስ፣ የሮያል ኤንፊልድ ሞተርሳይክል ባለቤት አይሸር ሞተርስ ባቀረበው ክስ፣ ይህ አካሄድ አሁን ባለው መልኩ ሊቀጥል አይገባም ብለው ጻፉ።

የአንድ ዳኛ አስተያየት ግን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ዳኞች አያስገድድም። መዝገብ ለዳኛ የሚደርሰው በዕጣ ነው። ተከሳሽ መልስ እስካልሰጠ ድረስ ደግሞ ከሳሽ ያለማንም ፈቃድ ክሱን አንስቶ እንደገና መክፈት ይችላል፤ ለሁለተኛው ክስ መክፈቻ የሚከፈለው 405 ዶላር ብቻ ነው።