የቤተሰቡን ፊልም በአንድ ቦታ፤ ኪስን ሳይጎዱ



ዐረፋ ሲደርስ ወልቂጤ በእንግዳ ትሞላለች። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ አዝማድ ሲሰበሰብ ልጆች ፊልም፣ እናቶች የሠርግ ቪዲዮ፣ ሽማግሌዎች የአምናውን ዐረፋ ማየት ይሻሉ። ፍላሹ ግን ከኪስ ወደ ኪስ ሲዞር ይጠፋል።

በእኛም ቤት የደረሰው ከዚህ የከፋ ነበር። ‹‹2 ቴራባይት›› ተብሎ በርካሽ የገዛነው ሀርድ ዲስክ ላይ የአያታችንን የመጨረሻ ዐረፋ አኑረን ነበር። ስንፈልገው የፋይሉ ስም አለ፤ ስንከፍተው ግን ባዶ ነው። አያታችን ወደ አኼራ ሄደዋልና ያ ድምፅ ዳግም አይገኝም። ሌላው ቤተሰብ እንዲህ እንዳይጎዳ የተማርነውን ልናካፍል ወደድን።

ኢንተርኔት ያስፈልጋልን?

አያስፈልግም። ፊልሙ የሚጓዘው ከማከማቻው ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩም በዋይፋይ ወደ ቴሌቪዥኑና ወደ ሞባይሉ ነውና ከጥቅሉ ምንም አይቆርጥም። የአንድ ሰዓት ፊልም 2 ጊጋባይት ቢይዝ በሴኮንድ ከ5 ሜጋቢት በታች ብቻ ይፈልጋል፤ ይህን ተራ ራውተር ይችለዋል። በዚሁ ስሌት 1 ቴራባይት 500 ሰዓት ያህል ያኖራል። ታዲያ ትልቅ ዲስክ ለማን?

ከየትኛው እንጀምር?

አንደኛ፦ ራውተራችሁ የዩኤስቢ ቀዳዳ እንዳለው ተመልከቱ። ፋይል ማጋራት የሚችል ከሆነ ሀርድ ዲስኩን መሰካት ብቻ ይበቃል። ቀዳዳ ያለው ሁሉ ግን አያጋራምና ከመግዛታችሁ በፊት በፍላሽ ሞክሩት።

ሁለተኛ፦ ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ‹ጄሊፊን› የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑበት። ፊልሞቹን በሥርዓት ደርድሮ ለቤቱ ሁሉ ያቀርባል። ባትሪው ደህና ከሆነ ደግሞ መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩን ከጉዳት ያተርፋል።

ሦስተኛ፦ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ‹ናስ› የሚባል ሣጥን አለ፤ የታይዋኖቹ ሲኖሎጂና ኪውናፕ በዚህ ይታወቃሉ። ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ለብቻው ስለሚገዛ የሣጥኑ ዋጋ አያታላችሁ። ርካሹ ሣጥን የፊልሙን ዓይነት እየለወጠ ለማሳየት አቅም ያንሰዋልና፣ ቴሌቪዥናችሁ በቀጥታ የሚያነበውን ኤምፒ 4 ምረጡ። ለአብዛኛው ቤት ግን ከሁለቱ አንዱ ይበቃል እንላለን።

የተረፈው ገንዘብ ወዴት ይሂድ?

ወደ ሁለተኛ ዲስክ! በአንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ዲስኮች አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተካዋል፤ ሆኖም ልጅ በስህተት ያጠፋው ፋይል ከሁለቱም ይጠፋል። ሌባም ሁለቱን አንድ ላይ ይወስዳል። እንግዲህ የማይተካውን፣ ማለትም የሠርጉን፣ የወላጆችን ድምፅ፣ የልጆችን ፎቶ፣ በሌላ ዲስክ ገልብጣችሁ ቡታጅራም ሆነ አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ቤት አኑሩ።

አዲስ ዲስክ ስትገዙም ‹ኤች 2 ቴስት ደብሊው› በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፈትኑት። ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋልና አቅሙን የዋሸ ዲስክ ይጋለጣል። እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

በመጨረሻም

ማከማቻው የጋራ እንደሆነ ሁሉ ምርጫውም የጋራ ይሁን፤ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚገባውን ይምረጡ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ተገልብጦ የሚሸጥ ፊልም የሰው ሐቅ ነው፤ የአገራችንም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህንን ይከለክላል።

ለሚቀጥለው ዐረፋ ቤታችሁ ሲሞላ የሁሉም ትዝታ በቦታው እንዲገኝ ከዛሬ ጀምሩ። አላህ ያግራልን።