ያልተነቃነቀ መስመር፣ የተለዋወጠ ድንበር፦ የሁለቱ ሴልሜንትስ መንደሮች ጉዳይ

በስሎቫኪያና በዩክሬን ወሰን ላይ ሁለት አጎራባች የገጠር መንደሮች ይገኛሉ። በስሎቫኪያ በኩል ያለው ቬልኬ ስሌሜንትሴ፣ በዩክሬን በኩል ያለው ማሊ ሴልመንትሲ ይባላል። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ሀንጋሪያውያን ሲሆኑ በራሳቸው ቋንቋ ታላቁ ሴልሜንትስና ታናሹ ሴልሜንትስ ይሏቸዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የመንደሮቹን ታሪክ መነሻ በማድረግ የድንበርን ጫና የሚወስነው የመስመሩ ሥፍራ ሳይሆን የመሻገሪያው ሕግ መሆኑን ያስረዳል።

ሁለቱም መንደሮች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሀንጋሪ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ተዛወሩ፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ሀንጋሪ ተመለሱ። በሰኔ 1945 እ.ኤ.አ. ቼኮዝሎቫኪያ የካርፓቲያ ሩቴኒያን ግዛት ለሶቭየት ኅብረት በውል ስታስረክብ፣ አዲሱ ወሰን በሁለቱ መካከል አለፈ። መንደርተኛው ከቀዬው ሳይነሣ መንግሥት ተፈራረቀበት፤ በመጨረሻም ወንድም ከወንድሙ በአጥር ተለየ። በአጥር ላይ መነጋገር ክልክል ስለነበር የሞትና የሠርግ ወሬ በሀንጋሪኛ ዜማ ይተላለፍ ነበር። ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላም ከአጥሩ ማዶ ያለ ዘመዱን መጠየቅ የፈለገ ሰው በኡዥሆሮድ አቅጣጫ ባለው ኬላ ዞሮ መጓዝ ነበረበት።

ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች የሚያገለግል መሻገሪያ በመንደሮቹ መካከል የተከፈተው ታኅሣሥ 23 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁን እንጂ በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ዩክሬን በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችን ያለ ቪዛ ማስገባት ስትጀምር፣ የዩክሬን ዜጎች ግን ወደ ስሎቫኪያ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋቸው ነበር። ስሎቫኪያ በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. የሸንገን ቀጣናን ስትቀላቀል ቁጥጥሩ ይበልጥ ጠበቀ። ባዮሜትሪክ ፓስፖርት ላላቸው የዩክሬን ዜጎች ለአጭር ጊዜ ጉዞ ቪዛ የቀረው በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ነበር። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲስፋፋ ደግሞ ዩክሬን ከ18 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወንዶች፣ ከተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከአገር እንዳይወጡ ከለከለች። ሚስትና ልጆች በሚያልፉበት በር ባል የሚቀርበት ጊዜ መጣ።

ከ1945 እ.ኤ.አ. ወዲህ መስመሩ አልተነቃነቀም፤ በግራና በቀኝ የሚነገረው ቋንቋና የሚቆጠረው የዘር ሐረግም አንድ ነው። ስለዚህ የኑሮው መለያየት ከባህል ልዩነት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። የድንበር ማኅበረሰብን የሚያጠና ተመራማሪ በሕዝብ ቆጠራ የሚገኘውን የብሔር ድርሻ በመያዝ ብቻ ሊረካ አይገባም። ማን፣ ወዴት፣ በምን ሰነድና በምን ወጪ እንደሚሻገር በየዘመኑ መዝግቦ ማነጻጸር ይጠበቅበታል፤ በካርታ ላይ አንድ ሆኖ የሚታየው ድንበር ለነዋሪው ምን ያህል ልዩ ልዩ ድንበር እንደሆነ የሚገለጠው ያኔ ነው።