ሙቀቱና የመናገሻ ተራሮች ውሃ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የተቆረቆሩት የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውሃ በሚከፈልበት ከፍታ ዙሪያ ነው። ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የሚወርደው ዝናብ በአቃቂ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል፤ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። በቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብም ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል። ስለዚህ የዓለም ሙቀት መጨመር በረጅም ጊዜ እዚህ ምን ያመጣል ሲባል ጥያቄው ከሁሉ በፊት የውሃ ነው።

የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደጨመረ ይገመታል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁንና ተራራ ላይ 100 ሜትር በተወጣ ቁጥር አየሩ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በዚህ ስሌት ወይና ደጋው 200 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው።

ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የወጨጫን ተራራ እንመልከት። የመናገሻ ሱባ ደን ጥድ፣ ኮሶና ወይራ ይዞ በዚሁ ተራራ ላይ ይገኛል፤ ወደ ጫፉ ሲጠጉ አስታ ይተካቸዋል። ሙቀት ሲገፋ ዕፅዋት ቀዝቃዛ ቦታ ፍለጋ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ ጫፍ ላይ ላለው ግን ከዚያ በላይ መሸሻ የለውም። የሐበሻ ጥድ ደግሞ እድገቱ አዝጋሚ ነው። የመናገሻ ሱባ ደንም ትውፊት እንደሚለው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። በመቶ ዓመታት የቆመ ደን በአሥር ዓመታት ለሚለወጥ አየር በቶሎ አይደርስም።

ሁለተኛው ለውጥ የዝናቡ ጠባይ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል። በበጋ ከአፈሩ የበለጠ እርጥበት ይወስዳል፤ ሲጥል ደግሞ በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። የዓመቱ ዝናብ መጠን ባይቀንስ እንኳ ወደ መሬት የሚሰርገው አንሶ በጎርፍ የሚያልፈው ሊበዛ ይችላል። ይህን የሚያለዝበው የደኑ አፈርና ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት የሱሉልታ ጨፌ ነው።

ምንጭ በደረቀ ቁጥር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሙቀት ማሳበብ አይገባም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ዋና ከተማዋን ከማገዶ እጦት ቢታደግም ውሃ ይመጥጣል። ቤቱ፣ አስፋልቱና ጥልቅ ጉድጓዱም ከጨፌውና ከተዳፋቱ ድርሻቸውን ወስደዋል። ሙቀቱ የሚያከብደው በእነዚህ የተጎዳውን መሬት ነው።

ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከሚሊዮን 280 እጅ የነበረው የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል። ከተጨመረውም ጉልህ ክፍል ለመቶ ዓመታት አይጠፋም፤ የዓለም ጭስ ነገ ቢቆም እንኳ ሙቀቱ ቶሎ አይመለስም። የኢትዮጵያ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች በመሆኑ በዚያ በኩል ያላት አቅም ውስን ነው። በእጃችን ያለው መሬቱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በእነዚህ ተራሮች ላይ የሚመዘነው በተተከለው ብዛት ሳይሆን በጸደቀው አገር በቀል ዛፍ ነው። ሦስቱን ከተሞች በ2015 ዓ.ም. የጠቀለለው የሸገር ከተማ አስተዳደርም ግንባታ የማይገባበትን ተዳፋትና ጨፌ አሁኑኑ ከፕላኑ ላይ ማስፈር አለበት፤ አንዴ ቤት የተሠራበት ጨፌ ዛፍ በመትከል አይመለስምና።