በሜዳም በሐይቅም፦ መነጽር ወይስ ኮንታክት ሌንስ?



ማየት አላህ ለባሪያው ከሰጣቸው ታላላቅ ኒዕማዎች አንዱ ነው። ዓይናችንም እንደ ሌላው አካላችን ሁሉ አማና ነውና እንድንጠብቀው ይጠበቅብናል። በዚህ ወር በጤና ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ከጎደለው አንድን ወጣት ዓይኑን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ጉዳዩም አርቆ የማየት ችግር ያለበት ሰው ኳስ ሲጫወት፣ ሲሠራና ከቤት ውጭ ሲውል መነጽር ቢያደርግ ይሻለዋል ወይስ ኮንታክት ሌንስ የሚለው ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ ጎልፍ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ያነሱታል። ጎልፍ በሀገራችን በአዲስ አበባ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጫወቱት ስፖርት ነው። ጥያቄው ግን የእኛም ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተኛውን አርዲቦ ሐይቅን እናስብ። በዙሪያው ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ይዋኛሉ፤ ጎልማሶች ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ያርሳሉ፣ እህል ይወቃሉ። ፀሐዩ ብርቱ ነው፣ አቧራም አለ፣ ውሃም ቅርብ ነው። እነዚህ ሦስቱ ናቸው ምርጫውን የሚወስኑት።

ችግሩ ምንድን ነው?

ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ታላቁ ሙስሊም ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም «ኪታብ አል-መናዚር» በተሰኘው ሥራው እይታ የሚገኘው ብርሃን ከነገሮች ተነስቶ ወደ ዓይን ሲገባ መሆኑን አስረድቷል። ብርሃኑ በዓይን ውስጥ ተሰብስቦ ማረፍ የሚገባው በኋለኛው ግድግዳ ላይ ነው። ዓይን ከረዘመ ብርሃኑ ሳይደርስ ይሰበሰባል፤ የሩቁም ነገር ይደበዝዛል። ልጁ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ኳስ መለየት ያቅተዋል። መነጽርም ሆነ ኮንታክት ሌንስ የሚሠሩት ይህንን የብርሃን መሰብሰቢያ ቦታ ማስተካከል ነው።

ችግሩ በሀገራችን ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005/06 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት በኢትዮጵያ እይታቸው ከቀነሰ (ነገር ግን ካልታወሩ) ሰዎች መካከል በአንድ ሦስተኛው፣ ማለትም በ33.4 በመቶው ላይ ለችግሩ ምክንያት ሆኖ ያገኘው ይኸው በመነጽር ሊስተካከል የሚችል የእይታ ጉድለት ነው።

ታዲያ ብዙ ወላጆች «መነጽር ዓይን ያደክማል» ወይም «ለሴት ልጅ አያምርም» በማለት ልጆቻቸውን ይከለክላሉ። ይህ ስህተት ነው። በሐኪም የታዘዘ መነጽር ዓይንን አያደክምም፤ የሚጎዳው ልጁ እያየሁ ነው ብሎ በድብዝዝ ዓለም ውስጥ ማደጉ ነው። በተለይ አንደኛው ዓይን ብቻ ደክሞ ከሆነ፣ በልጅነት ሳይታረም ከቀረ አንጎል ያንን ዓይን መጠቀም ይተዋል፤ ኋላ መመለሱም አስቸጋሪ ይሆናል።

መነጽር፦ ጥቅሙና ጉድለቱ

መነጽር ዓይንን አይነካም። ይወለቃል፣ ይታጠባል፣ በቀላሉ ይያዛል። ለዓመታትም ስለሚያገለግል ወጪው አንድ ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ከአቧራ፣ ከገለባና ከነፋስ በመጠኑም ቢሆን ይከልላል።

ጉድለቱም አለው። ሲሮጡ ይንሸራተታል፣ ዝናብ ያርፍበታል፣ በጎን በኩል የሚታየውን አያስተካክልም። ኒቃብ የሚለብሱ እህቶች በትንፋሽ እንደሚደበዝዝባቸው ያውቃሉ። ለዚህም ሌንሱን በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አሽቶ፣ አለቅልቆና በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አድርቆ መጠቀም ይረዳል።

ለስፖርት ሲሆን የመስታወት ሌንስ አይመከርም። ኳስ ወይም ክርን ቢያገኘው ተሰብሮ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። መነጽር ቤት ስትሄዱ «ፖሊካርቦኔት» የተባለውን በቀላሉ የማይሰበር ፕላስቲክ ጠይቁ። ከኋላ በጭንቅላት ዙሪያ የሚታሰር ማሰሪያም ይጨመርበት። ማሰሪያው ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ልጁ ኳስ ሜዳ ሲሄድ መነጽሩን ቤት ጥሎ እንዳይወጣም ያደርገዋል።

የፀሐዩም ጉዳይ አይዘንጋ። በ1,000 ሜትር ከፍታ ጭማሪ ዓይንን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል እየበረታ ይሄዳል። እንደ አርዲቦ ባለ ደጋማ አካባቢ፣ ከውሃው የሚመለሰው ነጸብራቅ ሲታከልበት፣ ኮፍያና ጨረሩን የሚከላከል መነጽር ቅንጦት አይደሉም። በገበያ ላይ የሚሸጠውን ጥቁር መነጽር ሁሉ ግን አትመኑ። ጥቁረቱ ብቻ ከጨረር አይከላከልም፤ እንዲያውም ብሌን በጨለማው ስለሚሰፋ ጨረሩ በብዛት እንዲገባ ያደርጋል። «ዩ.ቪ. 400» የሚል ምልክት ያለውን ምረጡ።

ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ለሆኑ አባቶችና እናቶች ከጎልፍ ተጫዋቾች የምንማረው አንድ ነገር አለ። ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለንባብ በተሠራ ባለ ሁለት እይታ መነጽር ወደ እግር ሲመለከቱ በንባቡ ክፍል ስለሚያዩ መሬቱ ይደበዝዛል። ጎልፍ ተጫዋቹ ኳሷን ይስታል፤ ሽማግሌው ደግሞ ከመስጊድ ደረጃ ሲወርድ ወይም ወደ ወንዝ ሲያቀና ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለእግር ጉዞ የሩቁ ብቻ የሆነ ሌላ መነጽር መያዝ ይመረጣል።

ኮንታክት ሌንስ፦ ጥቅሙና ጉድለቱ

ኮንታክት ሌንስ በቀጥታ በዓይን ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን (ኮርኒያ) ላይ የሚቀመጥ ስስ ሌንስ ነው። ዛሬ በስፋት የምንጠቀምበትን ለስላሳውን ዓይነት የሠራው የቼኮዝሎቫኪያው ኬሚስት ኦቶ ቪክተርሌ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1961 ነበር። ሌንሱ ከዓይን ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ወደ ጎንም ወደ ታችም ጥርት ያለ እይታ ይሰጣል፤ አይንሸራተትም፣ ጭጋግ አይይዘውም። ለሯጭና ለኳስ ተጫዋች ምቹ የሆነው ለዚህ ነው። ኮርኒያቸው እየሾለ የሚሄድባቸው ሕሙማን ደግሞ በመነጽር የማያገኙትን እይታ በጠንካራ ሌንስ ያገኛሉ። ለእነርሱ ሌንሱ ሕክምና ነው።

በሌላ በኩል ኮርኒያ የሚተነፍሰው በቀጥታ ከአየር ነው። ሌንሱ ሲሸፍነው አየሩ ይቀንሳል፤ ከጣት የመጣ ጀርምም በሥሩ ይደበቃል። ሌንስ አድርጎ መተኛት ብቻውን የመቁሰል አደጋን ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይጨምራል። ሌንሱ የሚታጠብበትና የሚቀመጥበት ልዩ ፈሳሽ በየጊዜው መገዛት አለበት፤ ማስቀመጫው ሣጥንም ቢያንስ በየ3 ወሩ ይቀየራል። ይህን ሁሉ ማሟላት የማይችል ቤተሰብ ሌንሱን መግዛት ቢችል እንኳ አይጀምረው።

ትልቁ ጠላት ውሃ ነው

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት ይህ ነው፦ ኮንታክት ሌንስና ውሃ አይገናኙ። በሐይቅ፣ በወንዝ፣ በጉድጓድ፣ አልፎ ተርፎም በቧንቧ ውሃ ውስጥ «አካንታሜባ» የተባለ በዓይን የማይታይ ሕዋስ ይኖራል። ሌንስ ለሌለው ጤነኛ ዓይን እምብዛም አያሰጋም። ሌንስ ላይ ከተጣበቀ ግን ኮርኒያውን እየበላ ብርቱ ሕመም የሚያስከትል ቁስል ይፈጥራል። ሕክምናው ወራትን ይፈጃል፤ ሕሙሙ ቢድንም እንኳ ጠባሳው እይታን ሊጋርድ ይችላል።

ስለዚህ ሌንስ አድርጎ በአርዲቦ መዋኘት ፈጽሞ አይገባም። ውሃው ጥርት ብሎ መታየቱ አያታልለን። ሌንስን በውሃ፣ በምራቅ ወይም ቤት ውስጥ በተበጠበጠ የጨው ውሃ ማጠብም እንዲሁ ነው።

ውዱእ፣ ሰላትና ጾምስ?

በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ታዲያ ሌንስ ሊጠቀም አይችልም ማለት ነውን? አይደለም። ዑለማዎች እንደሚገልጹት በውዱእ መታጠብ ያለበት የፊት ውጫዊ ክፍል እንጂ የዓይን ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ሌንሱን ማውለቅ አይጠበቅበትም። ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን ይጨፍን፣ ፊቱንና እጁን በንጹሕ ፎጣ ያድርቅ፣ እርጥብ ጣቱንም ወደ ዓይኑ አያስጠጋ። ሌንሱን የሚያደርገው ወይም የሚያወልቀው እጁን በሳሙና ታጥቦ ፈጽሞ ካደረቀ በኋላ ይሁን።

መነጽር የሚያደርግ ደግሞ በውዱእ ጊዜ ያውልቀው፤ ውሃው ከአፍንጫ ማረፊያው ሥር ያለውን ቆዳ ማዳረስ አለበትና። በሱጁድም ግንባርና አፍንጫ መሬት እንዳይነኩ የሚከለክል ከሆነ አውልቆ በማይረገጥበት ቦታ ማስቀመጥ ነው።

በረመዷን «ጾሜን ያፈርሳል» በሚል ፍራቻ የታዘዘለትን የዓይን ጠብታ የሚያቋርጥ ሕሙም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ፣ ሰውየው ወደ ጉሮሮው የደረሰውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቀ ድረስ የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ለበለጠ ማብራሪያ የአካባቢያችሁን ዓሊሞች ጠይቁ እንጂ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ለማን የትኛው?

1. ለሕፃናትና ለታዳጊዎች፦ ማሰሪያ ያለው የፖሊካርቦኔት መነጽር። ልጁ ያለ አስታዋሽ እጁን የሚታጠብና ዕቃውን የሚጠብቅ እስኪሆን ሌንስ ይቆይ።

2. ለገበሬ፣ ለወቂ፣ ለብየዳ ሠራተኛና በጭስ ውስጥ ለምትውል እናት፦ መነጽር። አቧራ፣ ገለባና ጭስ ከሌንስ ጋር አይስማሙም። በርበሬ የነካ ጣት ሌንስ ሲነካ የሚያደርሰውን ማስረዳት አያሻም። ለብየዳ ሥራ ግን የዓይን መነጽር ብቻውን አይበቃም፤ የብየዳ መከላከያው የግድ ነው።

3. ለዋናተኛና ለዓሣ አጥማጅ፦ ለዋና ሌንስ አይሆንም። ለጀልባ ሥራ ነጸብራቅን የሚቀንስ መነጽር ከነማሰሪያው ይመረጣል።

4. በትራኮማ ለተጎዳ፣ ለደረቀ ወይም ዘወትር ለሚያሳክክ ዓይን፦ ሐኪም ሳያይ ሌንስ አይሞከር። የአማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ መሆኑ አይዘንጋ።

5. ንጽሕናውን መጠበቅ ለሚችል አዋቂ ስፖርተኛ፦ ለጨዋታ ሰዓት ብቻ ሌንስ ማድረግ ይችላል። በአንድ ቀን የሚጣለው ዓይነት ከሁሉም ይሻላል። መነጽሩን ግን ሁልጊዜ በቦርሳው ይያዝ።

ሙሽሮችም ልብ በሉ! በሰርግ ሰሞን ለውበት የሚደረገው ባለ ቀለም ሌንስ ያለ ሐኪም ልኬት ከሱቅ ተገዝቶ፣ አንዳንዴም ከጓደኛ ተውሶ ይደረጋል። ያልተለካ ሌንስ ኮርኒያን ይፍቃል፤ የተዋሱት ደግሞ የሌላውን በሽታ ያመጣል። ኩል የምትጠቀም እህትም አስቀድማ ሌንሱን ታድርግ፤ ኩሉንም በሽፋሽፍቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አታስነካ።

ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች

ሌንስ በሚያደርግ ሰው ዓይን ላይ መቅላት፣ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም በብሌን ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ «ነገ ይሻለኛል» አይባልም። ሌንሱን ወዲያው ያውልቅ፣ አይጣለው፣ ከነሣጥኑ ይዞ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ጠብታ መግዛት መቅላቱን ደብቆ ቁስሉን ያባብሳል። ቅጠል ጨምቆ ማድረግም እንዲሁ ዓይን ያጠፋል።

ለአርዲቦና ለሐይቅ አካባቢ ነዋሪ በደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ቅርብ ነው። ከፍ ላለ ሕክምና ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከልና በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይገኛሉ። መነጽርም ሆነ ሌንስ ከመግዛት በፊት መለካት ይቅደም።

ወላጆች ሆይ! ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አንድ በአንድ ጥሩና አንዱን ዓይናቸውን በእጃቸው አስከድናችሁ በሩቅ ያለን ነገር እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም ሌላውን። በአንዱ ዓይን የማያይ ልጅ እስከዚያች ቀን ድረስ ራሱም ላያውቀው ይችላል።

አላህ የዓይናችንን ብርሃን ይጠብቅልን፤ የታመሙትንም ያሽርልን። አሚን።