ችፌ ለያዘው ሰው ዜማ ስለሚሰጠው ዕረፍት

ችፌ ብዙ ዘመን የሚቆይ የቆዳ ሕመም ነው፤ ተሻለ ሲሉት ተመልሶ ይነሣል። ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሲሆን፥ ይኸን ያላወቀ ሰው በማዕድም በሰላምታም በሽተኛውን ይሸሸዋል፤ እርሱም እጁን በነጠላው ውስጥ ይሸሽጋል። ከማሳከኩ ይልቅ ይህ ኀፍረት የሚያስጨንቀው ብዙ ነው።

ሕመሙ የሚበረታው በሌሊት ነው። ቀን በሥራ ተይዞ የዋለ ልብ ሌሊት ሥራ ይፈታና ወደ ቆዳው ይመለሳል። ሰው ሲጨነቅ ማሳከኩ ይብስበታል፤ ሲያክ ቆዳው ይቈስላል፤ የቈሰለውም እንደ ገና ያሳክካል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውም በማግሥቱ አብዝቶ ይጨነቃል። ዜማ የሚረዳው በዚህ መካከል ገብቶ ነው። ቀስ ያለ ድምፅ የሚያደምጥ ሰው ትንፋሹ ይረዝማል፥ ሐሳቡም ሌላ የሚይዘው ነገር ያገኛል፥ እጁም ማከኩን ይረሳል።

ሐኪሞችም ይኸን የመሰለውን ነገር መርምረዋል። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ጆን ካባት ዚን የሚባሉት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ፥ ሶራያሲስ የሚባል ሌላ የቆዳ ሕመም የያዛቸውን 37 ሰዎች ተመለከቱ። ሁሉም በብርሃን ሲታከሙ፥ ከፊሎቹ ልባቸውን የሚያሳርፍ ምክር በቴፕ ተቀድቶ ይሰሙ ነበር፤ የእነዚህም ቆዳ ከሌሎቹ ፈጥኖ ጠራ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሀጂሜ ኪማታ የተባሉ የጃፓን ሐኪም፥ ችፌ ያለባቸው ሰዎች የሞዛርትን ሙዚቃ ሲሰሙ በአለርጂ መመርመሪያ የሚነሣው የቆዳ እብጠት መቀነሱን፥ የቤቶቨንን ሲሰሙ ግን አለመቀነሱን ጻፉ። የተመረመሩት ጥቂቶች ናቸውና፥ ከዚህ ተነሥቼ ሞዛርት ከቤቶቨን ይበልጣል ለማለት አልደፍርም።

ለአገራችን ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዳዊት በገና እየደረደረ ንጉሥ ሳኦልን ከጭንቀቱ ያሳርፈው እንደ ነበረ በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ተጽፎአል። በዐቢይ ጾም የምንሰማው አሥር አውታር ያለው በገናችንም ድምፁ ወፍራምና የማይቸኩል ስለ ሆነ ለሌሊት የተመቸ ነው። ለእስክስታ የሚያስነሣ ዘፈን ግን ለዚህ አይሆንም፤ ያላበው ቆዳ ይብሱን ያሳክካልና።

ዜማ ሐኪም ያዘዘውን ቅባት አይተካም። ቍስሉ መግል የያዘ ወይም ትኵሳት ያስነሣ እንደ ሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በሽተኛው ሕፃን ሲሆን ግን፥ ማታ ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፥ ገላው ፈጽሞ ሳይደርቅ ቅባቱን ተቀብቶ፥ ጥፍሩም አጥሮ ከተኛ በኋላ፥ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን በእጅዋ ይዛ እሹሩሩ ትበለው፤ ዜማውንም በየሌሊቱ አትለውጥበት።