ሲሞቅ የሚነክስ ብረት፦ ከአሮጌ ሽጉጥ እስከ መኪና ግርግር

ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል የሚለውን ሁላችንም ገና በአንደኛ ደረጃ ተምረነዋል፤ ፈተና ላይ መጥቶልንም መልሰናል። ዳሩ ግን ይህ እውቀት አንድ የቆመ ማሽን ፊት ስንቀመጥ ምን ያህል ይጠቅመናል? በዚህ ጽሁፍ፣ ቀዝቃዛ ሳለ ያለ ችግር የሚዞር፣ ሲሞቅ ግን የሚይዝ (ወይም እንደሚባለው «የሚነክስ») አሮጌ መሳሪያ ችግሩ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚፈለግ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ምሳሌዎቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው የድሮ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ነው። ሁለተኛው ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ በሚወስደው መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ያየሁት የስፌት መኪና ነው።

ሽጉጡን ላስቀድም። ሐረርና የጦር መሳሪያ ንግድ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር የገባው ለቡናና ለቆዳ ንግድ ነበር፤ በኋላ ግን ከታጁራ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ሸዋ ድረስ ለምኒልክ አቅርቧል። የሚገርመው ራሱ ራምቦም በሽጉጥ የቆሰለ ሰው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ውስጥ ገጣሚው ቬርለን የተኮሰበት ባለ 7 ሚሊ ሜትር ስድስት ጎራሽ ለፎሼ ሽጉጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ፓሪስ ላይ በ434,500 ዩሮ በጨረታ ተሽጧል። ለአንድ አሮጌ ብረት ይህን ያህል!

በዚያ ዘመን የነበረ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ጥይቶቹን የሚይዘው ከበሮ በሚመስል ክብ ብረት ውስጥ ነው። ቃታው በተሳበ ወይም መምቻው ወደ ኋላ በተጎተተ ቁጥር ከበሮው አንድ እርምጃ ይዞርና ቀጣዩን ጥይት ከቱቦው ፊት ያቆማል። ታዲያ ከበሮው እንዲዞር ከፊቱ ካለው ቱቦ ጋር መነካካት የለበትም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በደህና ሽጉጥ ላይ ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚህ ከሰፋ ጋዝ ያመልጣል፣ ከጠበበ ደግሞ መንከስ ይመጣል።

እስቲ እናስላው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ከርዝመቱ በሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይለጠጣል። 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ከበሮ በ60 ዲግሪ ቢሞቅ 40 ሲባዛ በ60 ሲባዛ በ0.000012፣ ማለትም 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አቃፊው ብረት ዘግይቶ ስለሚሞቅ አብሮት ቶሎ አይረዝምም። ክፍተቱ 0.15 ከሆነ 0.03 ቢቀነስ ምንም አይደል። 0.05 ብቻ ከሆነ ግን የቀረው 0.02 ነው፤ እሱንም ጥላሸቱ ይሞላዋል። የድሮው ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጠጣር ሆኖ ነው የሚቀረው። ይህ ቅሪት በከበሮው ፊትና በሚዞርበት ዘንግ ላይ ይጋገራል። እንግዲህ «ሲሞቅ ያዘ» የተባለ ሽጉጥ ሁለት ተጠርጣሪ አለው ማለት ነው፤ የብረቱ መለጠጥና ጥላሸት። እነዚህን መለየት ይቻላል። ሽጉጡ ሲቀዘቅዝ ሳይጸዳ በራሱ ከተፈታ ጥፋቱ በዋናነት የክፍተቱ ነው። ቀዝቅዞም ካልተፈታና የሚፈታው ሲጸዳ ብቻ ከሆነ ጥላሸቱ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን አነባችሁ ብላችሁ የአያታችሁን ሽጉጥ እየተኮሳችሁ እንዳትፈትኑ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሳሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ብረት ደግሞ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ክፍተቱን ባዶ መሆኑ በተረጋገጠ ሽጉጥ ላይ በስስ የብረት ቅጠል መለካት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምጽ ነው ይባላል። ልብስ ሰፊዎቹ ከሱቃቸው ፊት መንገዱ ዳር ተደርድረው ይሰፋሉ፤ ጨርቁን ከዚያው አካባቢ ገዝታችሁ እዚያው ታሰፋላችሁ። ያነጋገርኳቸው ሰው በዚህ ሥራ ያረጁ አባት ናቸው። መኪናቸው በእግር የምትረገጥ ጥቁር አሮጌ መኪና ነበረች፤ በቅርቡ ግን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገጥመውላታል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነችብዎት?» አልኳቸው።

«ጠዋት ጠዋት እንደ ውሃ ነው የምትሄደው ልጄ። ግማሽ ሰዓት ስትሠራ ግን ትነክሳለች። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።»

ዒድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ለልጆች ልብስ ቀብድ ተቀብለዋል። አንድ ጠጋኝ «ዘንጉ ጠሟል፣ መኪናዋ አለቀላት፣ አዲስ ይግዙ» ብሏቸው ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ከመነሻው አያስኬድም። የጠመመ ዘንግ በጠዋትም ጠማማ ነው፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ቀና፣ ሲሞቅ ጠማማ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ጠዋት «እንደ ውሃ» የሚለው ቃላቸው ራሱ ግማሽ ምርመራ ነው።

ፍለጋው የሚካሄደው መኪናዋ እንደያዘች፣ ሳትቀዘቅዝ ነው። (ብዙ ሰው ስትቀዘቅዝ ነው የሚፈታታት፤ ያኔ ጥፋቱ ተደብቋል።) መጀመሪያ ሞተሩ ከሶኬት ይነቀልና ቺንጊያው ይወልቃል። ጎማዋ በእጅ ቀለል ብላ ከዞረች ችግሩ ከሞተሩ ወይም ከቺንጊያው ነው፤ አሁንም ከከበደች ከራስዋ ነው። የእሳቸው አሁንም ከበደች። ቀጥሎ የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ቦቢን ከነቤቱ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የክር ቁራጭ እዚያ ተጠምጥሞ ይገኛል። ንጹህ ነበር። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ በእጅ መዳሰስ ነው፤ የት ነው ከሌላው ይበልጥ የሚፋጀው? ከጎማው በኩል ያለው የዘንጉ መጨረሻ እጅ አያስነካም ነበር።

እዚህ ላይ ስሌቱ ይረዳናል። የዘንጉ ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ከአካሏ በ20 ዲግሪ ቢበልጥ፣ በውፍረቱ የሚጨምረው 0.003 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ቀርቶ እጥፉም ቢሆን ያረጀ ቀዳዳ ውስጥ ያለን ዘንግ አይነክስም። ርዝመቱ ግን 280 ሚሊ ሜትር ነው! በዚያው 20 ዲግሪ 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አካሏ የተሠራችበት ሲሚንቶ መሰል ግራጫ ብረት ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም፣ አይከተለውም። ልክ እንደ ሽጉጡ ከበሮ፣ የሚነክሰው በቁመቱ ነው እንጂ በወርዱ አይደለም።

ዘንጉ ወደ ግራና ቀኝ እንዳይመላለስ ጫፉ ላይ በብሎን የሚጠብቅ ቀለበት አለ። ጠጋኙ ሞተሩን ሲገጥም «ቶክ ቶክ» የሚል ድምጽ ስለነበራት ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ገፍቶ አጥብቆታል። ድምጹ ጠፋ። በእግር ስትረገጥ ሙቀቱ ትንሽ ስለነበረ ምናልባት በዚያም ትዘልቅ ነበር። ሞተሩ ግን ፍጥነቱን ጨመረ፤ ፍጥነት ሲጨምር ሰበቃው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ዘንጉ ይረዝምና ቀለበቱን ይገፋል፣ ቀለበቱ ሲፋተግ ይበልጥ ይሞቃል፣ ዘይቱም ቀጥኖ ይፈሳል። ክብ ነገር ነው፤ ማቆሚያው መንከስ ብቻ።

መፍትሔው ካቻቢቴና የሲጋራ ወረቀት ነበር። መኪናዋ ስትቀዘቅዝ የቀለበቱን ብሎን አላላን። በቀለበቱና በአካሏ መካከል አራት እጥፍ የሲጋራ ወረቀት አስገብተን፣ ቀለበቱን እሱ ላይ አስደግፈን አጠበቅነውና ወረቀቱን ሳብነው። ይህ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ክፍተት ይተዋል። የተቃጠለውን ዘይት በላምባ ጠርገን የስፌት መኪና ዘይት ጨመርን። ቺንጊያውንም ትንሽ አላላነው፤ በጣም የተወጠረ ቺንጊያ ዘንጉን ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ሙቀት ይጨምራልና። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰፉባት፤ አልነከሰችም። «ቶክ ቶክ» የሚለው ድምጽ ትንሽ ተመልሷል። እሳቸው ግን «ድሮም የማውቃት በዚህ ድምጽዋ ነው» አሉ።

አጠገባቸው ያሉት ሰፊም «የኔም ያው ነው» ብለው ጠሩኝ። የእሳቸው ግን ተቃራኒው ነበር፤ ጠዋት ከባድ፣ ከተሠራባት በኋላ ቀላል። ይህ የክፍተት ጉዳይ አይደለም፤ ደርቆ ሙጫ የሆነ ዘይት ነው፤ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ትፈታለች። ብጠይቃቸው የስፌት መኪና ዘይት ሲያልቅባቸው የምግብ ዘይት ሲያደርጉባት ኖረዋል። ለእሷ ቀለበት መንካት አላስፈለገም፤ ላምባ፣ ብሩሽና አንድ ምሽት በቃት።